መቶ ሊትር ባሕር

በአሁኑ ጊዜ ሁለት ተማሪዎች ሻይ ቤት የተገናኙ እንደሆነ ወሬያቸው ባሕር ነው። ከ2016 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ የባሕር በር ነገር ከምክር ቤት እስከ መኝታ ቤታችን ድረስ የማይነሣበት ቀን የለም። አንዱ ታሪክ ይጠቅሳል፤ ሌላው የወደብ ኪራይ ያሰላል፤ ሦስተኛው ካርታ ዘርግቶ ጣቱን ከአሰብ ወደ ምጽዋ ያመላልሳል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ወደዚያ ክርክር አልገባም። ነገር ግን ክርክሩን ሳዳምጥ አንድ ነገር ዘወትር ይገርመኛል፤ ይኸውም ስለ ወደቡ፣ ስለ መርከቡና ስለ ቀረጡ ይህን ያህል ስንናገር ስለ ባሕሩ ስለ ራሱ የሚናገር ሰው አለመገኘቱ ነው። ባሕር ለእኛ ሰፊ መንገድ ነው እንጂ ሕይወት ያለው ነገር አይደለም። በቀይ ባሕር ውስጥ ምን እንደሚበቅል፣ ማን ማንን እንደሚበላ፣ ውሃውስ ምን ያህል ጨው እንዳለበት የሚነግረኝ ተማሪ ከመካከላችን ስንት ይገኛል?

ስለዚህ ለጓደኞቼ አንድ ሐሳብ አቀረብሁ። ሐሳቡም እኛ በዚህ በደብረ ብርሃን ደጋ ያለን ተማሪዎች መቶ ሊትር የሚይዝ የመስተዋት ገንዳ እናዘጋጅ፤ የባሕር ውሃ በጥብጠን እንሙላበት፤ በውስጡም ኮራል ተክለን ዓመት ከዓመት እናሳድግ የሚል ነው። እንደ ጠበቅሁት ተሳቀብኝ። አንዱ የመንዝ ልጅ «በእኛ ብርድ ገብስ እንኳ እየለመነ ነው የሚበቅለው፤ አንተ ደግሞ ኮራል!» አለኝ። ሌላዋ እኅታችን ግን «ማን ይጠብቀዋል?» ብላ ጠየቀች። የመጀመሪያው ነገር ቀልድ ነው፤ የሁለተኛዋ ግን እውነተኛ ጥያቄ ስለሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሳቁ አይከፋኝም። የሚስቁት ግን በምን ላይ ተቀምጠው እንደሚስቁ ቢያውቁ መልካም ነበር። ከሙከጡሪ በለሚ አድርጎ ወደ ዓለም ከተማ የሚሄደውን መንገድ ያየ ሰው ከለሚ ቀጥሎ አገሩ ተቆርጦ እንደሚወድቅ ያውቃል። መኪናው እየተጠማዘዘ ወደ ጀማ ሲወርድ የገደሉ መልክ ይለዋወጣል። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ነው። ይህ የእሳተ ገሞራ ሥራ ሲሆን መንዝና ግሼ የተቀመጡበት ደጋ ከዚሁ የተሠራ ነው፤ ዕድሜውም ከ20 እስከ 30 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይገመታል። ዝቅ ሲሉ አሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎም ጥንት ጭቃ የነበረ ድንጋይ ይመጣል። ከዚያ በታች ግን ነጣ ብሎ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ እንደ እንጀራ የተነባበረ ድንጋይ አለ። ይህ የኖራ ድንጋይ ነው። አባቱም ባሕር ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊትና ከዚያም ቀደም ብሎ ባሕር ከደቡብ ምሥራቅ ተነሥቶ፣ ኦጋዴንን አልፎ፣ እስከ አባይ ሸለቆና እስከ መቀሌ ድረስ አገሩን ሸፍኖት ነበር። በአባይና በገባሮቹ ገደሎች በዚሁ ድንጋይ መካከል የዛጎልና የቀንድ አውጣ፣ እዚህም እዚያም የኮራል ቅሪት ይገኛል። እኛ የመርሐቤቴ ልጆች ከብት ስንጠብቅ እየለቀምን የምንጫወትባቸው የድንጋይ ዛጎሎች እነዚሁ ነበሩ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የለሚ የሲሚንቶ ፋብሪካም የሚያቃጥለው የኖራ ድንጋይ ከዚሁ ባሕር የተረፈ ነው። እንግዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ ላይ የተኛ ጓደኛችን የጥንት ባሕር ተሸክሞት እንደሚያድር ይወቀው።

ይህ ባሕር እጅግ የራቀ ነው ለሚል ሰው ቀረብ ያለ ምሳሌ አለ። ዳሎል ያለበትን የደናክል ረባዳ ሁላችንም በስም እናውቀዋለን፤ ከባሕር ወለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ የወረደ፣ ጨው የሞላበት በረሃ ነው። ከ125 ሺህ ዓመት ያህል በፊት ቀይ ባሕር ወደዚህ ረባዳ ገብቶ ነበር፤ በዳር በዳሩም ኮራል በቅሎ ነበር። አጽሙ ዛሬም በረባዳው ጠርዝ ላይ እንደ ፈረሰ ቅጥር ቆሞ ይታያል። በኋላ መሬቱ ከፍ ሲል፣ የእሳተ ገሞራውም ድንጋይ ሲጨመርበት፣ ረባዳውን ከባሕሩ ጋር የሚያገናኘው በር ተዘጋ። ፀሐይ ውሃውን ወሰደች፤ ጨውን ግን ትታ ሄደች። የቀረው ውሃ በየዘመኑ እየመረረ ሄደና ኮራሉ አለቀ። መጀመሪያ ጀሶው፣ ቀጥሎ ጨው ዘቀጠ። በአሞሌ መልክ እስከ ሸዋ ገበያ ድረስ እየመጣ አያቶቻችን እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት የነበረው ጨው የተቆረጠው ከዚሁ ረባዳ ነው። የባሕር በር መዘጋት ምን እንደሚያመጣ በዚህ አገር አስቀድሞ የቀመሰው ኮራል መሆኑን ተከራካሪዎቻችን ልብ ይበሉልኝ።

የገንዳ ጠባቂም የመጀመሪያ ትምህርቱ ይኸው የደናክል ነገር ነው። ከገንዳው በየቀኑ የሚተነው ውሃ እንጂ ጨው አይደለም። በበጋ በእኛ ደረቅ አየር ከመቶ ሊትር ገንዳ በቀን አንድ ሊትር ያህል ሊቀንስ ይችላል። ጠባቂው ጨው የሌለበት ንጹሕ ውሃ በየቀኑ ካልጨመረበት ያ ገንዳ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ትንሽ ዳሎል ይሆናል። በባሕር ውሃ ጨምሮ ሊያስተካክል የሚሞክር ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል።

እንግዲህ ኮራል ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ድንጋይ ይመስለናል፤ አንዳንዱም ተክል ነው ይላል። እውነቱ ግን ኮራል እንስሳ ነው። አንዱ ለብቻው ሲታይ ብዙውን ጊዜ ከሽምብራ ፍሬ የማይበልጥ፣ አፉን ዙሪያውን እንደ ጣት ያሉ ነገሮች የከበቡት ለስላሳ ፍጥረት ነው። ሺህና ሺህ ሆነው ተያይዘው ይኖራሉ፤ ከሥራቸውም ከባሕሩ በሚስቡት ካልሲየም የኖራ ቤት ይሠራሉ። በሥጋቸው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታይ አልጌ ይኖራል። አልጌው በቀን ብርሃን እየሳበ ስኳር ይሠራል፤ ከሠራውም የሚበዛውን ለባለቤቱ ይገብራል፤ በለውጡም ማደሪያና ከባለቤቱ የሚወጣውን ትርፍ እንደ ማዳበሪያ ያገኛል። ጭሰኛና ባለርስት ይመስላሉ። ባሕሩ ከልማዱ በላይ አንድ ዲግሪ ያህል ሞቆ ለሳምንታት የሰነበተ እንደሆነ ግን ባለርስቱ ጭሰኛውን ያባርራል። ያን ጊዜ ኮራሉ ነጭ ይሆናል፤ ጭሰኛው ቶሎ ካልተመለሰም ባለርስቱ በራብ ይሞታል። የድሮዎቹ የተማሪ ማኅበር ሰዎች ይህን ቢያውቁ ኖሮ ለመፈክር ይጠቀሙበት ነበር።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ፤ ለመቶ ሊትር ሦስት ኪሎ ተኩል ማለት ነው። ነገር ግን የወጥ ቤት ጨው አይሆንም። እርሱ ሶዲየምና ክሎሪን ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ አዮዲንም ተጨምሮበታል። በባሕር ጨው ውስጥ ግን ከእነዚህ ሁለቱ ሌላ ሰልፌት፣ ማግኒዝየም፣ ካልሲየምና ፖታሲየም በታወቀ ልክ ይገኛሉ። ባሕር ሲደርቅ እነዚህ ይለያያሉ፤ ካልሲየሙ ከጀሶው ጋር አስቀድሞ ይዘቅጣል፣ የምንበላው ጨው ይከተላል፣ ፖታሲየምና ማግኒዝየም መጨረሻ ይቀራሉ። በዳሎል መሬት ውስጥ እነዚህ ሁሉ በየንብርብራቸው ተቀምጠዋል። ለሆድ ድርቀት የሚጠጣው የእንግሊዝ ጨውም የማግኒዝየም ጨው ነው። የተለያየውን እንደገና አስታርቆ የባሕር ውሃ መሥራት ለኬሚስትሪ ተማሪዎቻችን ከብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሻል ሥራ ይመስለኛል። እስከዚያ ድረስ ግን ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀውን ጨው ማስመጣት ሳያስፈልግ አይቀርም። የሚበጠበጥበትም ውሃ እንዲሁ ከቧንቧ የተቀዳ ሳይሆን በማጣሪያ ያለፈ መሆን አለበት፤ ክሎሪንና መዳብ ለባሕር ፍጥረት መርዝ ናቸውና።

ውሃው ተበጥብጦ ሞቆ ሲታይ «በሉ እናስገባ» የሚል ችኩል መቼም አይጠፋም። እዚህ ላይ ከእናቶቻችን ጠላ መማር ይገባናል፤ ጥንስሱ ሳይበስል ማንም አይጠጣውም። በገንዳው ውስጥ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ይቀመጣል፤ በዚያም ላይ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይራባሉ። ከመበስበስ የሚወጣውን አሞኒያ አንደኞቹ ወደ ናይትራይት፣ ሁለተኞቹ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። አሞኒያውና ናይትራይቱ ሁለቱም ገዳይ ናቸው፤ ናይትሬቱ ግን በልኩ ከሆነ አይጎዳም፤ በየሳምንቱ አሥር ሊትር ያህል ውሃ በመለወጥም ይቀነሳል። ይህ ሠራዊት ተራብቶ ሥራውን እስኪይዝ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ በገንዳው ውስጥ የሚታይ ነገር የለም። ባዶ ውሃ ለሁለት ወር ቁጭ ብሎ መጠበቅ የማይችል ሰው ኮራል አይጠብቅም።

የደጋው ነገር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ስለ ኮራል የተጻፉት መጻሕፍትም በአብዛኛው ለቆላና ለባሕር ጠረፍ ሰው የተጻፉ ስለሆኑ ይህን አያነሡትም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ያህል ናት፤ መሐል ሜዳ ከዚያም ትበልጣለች። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ውሃው ከአየር የሚቀበለው ኦክሲጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ምጽዋ ላይ አሥር ዓሣ የሚችል ገንዳ እዚህ ሰባቱን ቢችል ነው። በተለይ ሌሊት ብርሃን ሲጠፋ አልጌው ኦክሲጅን መሥራቱን አቁሞ እንደ ሌላው ሁሉ ይተነፍሳልና የውሃው ላይ ያለማቋረጥ መናወጥ አለበት። ዓሣ ማብዛት ቀርቶ በመጀመሪያው ዓመት አንድም ባይገባ እመርጣለሁ።

ብርዱን በተመለከተ ጓደኛዬ የሳቀበት ነገር ከሌላው ሁሉ የሚቀለው ነው። ኮራል ከ24 እስከ 27 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ይፈልጋል። የቆላ አገር ሰዎች ገንዳቸውን ለማቀዝቀዝ ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ፤ እኛ ማሞቂያ ብቻ ይበቃናል፤ ማሞቂያ ደግሞ ከማቀዝቀዣ በእጅጉ ይረክሳል። መብራት የጠፋ እንደሆነ ገንዳውን በመንዝ ዝተት ጠቅልሎ ማቆየት ይቻላል፤ ብርድ ለመከላከል ከዚህ የተሻለ ነገር በገበያ አላየሁም። ይልቅስ መብራት ሲጠፋ አስቀድሞ የሚገድለው ብርዱ ሳይሆን የኦክሲጅን እጦት ነው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ይኑር፤ እርሱም ከሌለ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ውሃውን በጣሳ እየቀዳ ከፍ አድርጎ መልሶ ያፍስስ። አሰልቺ ነው፤ ግን ይሠራል።

ኮራሉ ማደግ ሲጀምር ካልሲየሙን ከውሃው እየሳበ ይጨርሰዋል። በባሕር ውስጥ በሊትር 420 ሚሊግራም ያህል አለ፤ ገንዳ ውስጥ ያለው ግን የሚተካው ከሌለ ይወርዳል። ለዚህ ከሚደረጉት ዘዴዎች አንዱና የቆየው የኖራ ውሃ ነው። ንጹሕ ኖራ በንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ አንድ ሊትር ውሃ ከአንድ ግራም ተኩል ብዙ የማይበልጥ ያሟሟል፤ የቀረው ሲዘቅጥ ከላይ ያለው የጠራው ውሃ ሌሊት ሌሊት ጠብ ጠብ እየተደረገ በተነነው ምትክ ይገባል። ይህ ውሃ ቆዳ ያቃጥላል፤ በአንድ ጊዜ የተደፋ እንደሆነም ገንዳውን በሙሉ ይፈጃል። ለግድግዳ የሚሸጠውም ኖራ ብዙ ባዕድ ነገር ስላለበት አይታመንም። ነገር ግን ጠርቶ የተመረመረ ኖራ ከገደሎቻችን ድንጋይ ማግኘት የማይቻል ነገር አይመስለኝም። ከጀማ የወጣ የጥንት ባሕር ለዛሬው ኮራል ቤት መሥሪያ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ለመምህሬ ስነግራቸው ፈገግ ብለው «አስቀድመህ መርምረው» አሉኝ። መርምሬው ውጤቱን ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ይህ ሁሉ መሣሪያ ያለው ሰው ሥራ ነው ለሚል፣ ሊ ቺን ኤንግ የተባለ የጃካርታ ሰው እ.ኤ.አ. በ1961 ያሳተመውን ጽሑፍ እጠቅሳለሁ። እርሱ ኮራልና ዓሣ በቤቱ ያኖር የነበረው በባሕር ውሃ፣ ከባሕር በወጣ ሕይወት ባለበት ድንጋይ፣ በፀሐይ ብርሃንና በጥቂት የአየር አረፋ ብቻ ነበር። ብዙዎች መሣሪያ ደርድረው ያቃታቸውን እርሱ ዝም ብሎ በመመልከት አገኘው። እርግጥ ለእርሱ ባሕሩ ቅርቡ ነበር።

የሚተከለውንም መምረጥ ያስፈልጋል። የኖራ ቤት የማይሠሩት ለስላሶቹ ይቀድማሉ፤ ለምሳሌ እንደ እጅ መዳፍ የምትከፈትና የምትዘጋው፣ በቀይ ባሕርም በብዛት የምትገኘው ዜኒያ ለጀማሪ ትሆናለች። ዞአንተስ የሚባሉት ያማሩ ናቸው፤ ግን ከወገናቸው አንዳንዶቹ እጅግ ኃይለኛ መርዝ ስላላቸው ድንጋያቸውን በሙቅ ውሃ ማጠብም ሆነ ቁስል ባለበት እጅ መንካት ክልክል ይሁን። ቅርንጫፍ የሚያወጡት ባለኖራዎቹ ከዓመት በኋላ ይምጡ። መራባቱ እንደ ሸንኮራ አገዳ ነው፤ ተቆርጦ በድንጋይ ላይ በሱፐር ግሉ ተጣብቆ ይተከላል፤ ቁራጩም ራሱን የቻለ ኮራል ይሆናል። ቅርንጫፋሞቹ በዓመት አሥር ሴንቲሜትርና ከዚያም በላይ ሊያድጉ ይችላሉ። ድቡልቡሎቹ ግን በዓመት አንድ ሴንቲሜትር ያህል ነው። አንድ ተማሪ ገብቶ እስኪመረቅ አራት ጣት ቢያድግ ነው። የተከለው ሰው አድጎ አያየውም፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ያየዋል። እኔን ወደዚህ ነገር የሳበኝ ከሁሉ ይልቅ ይህ ነው፤ ሌላው ከእኔ ጋር ላይስማማ ይችላል።

አሁን ወደ ተቃውሞው። ዋናው ተቃውሞ ቅንጦት ነው የሚል ነው። የመንዝ እናት ውሃ በጀርባዋ ተሸክማ አቀበት በምትወጣበት አገር ለድንጋይ መሳይ እንስሳ ውሃ ማጠራቀም አያሳፍርምን? ጥያቄው በሳቅ የሚታለፍ አይደለምና እንቁጠረው። መቶ ሊትር አምስት ጀሪካን ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይሞላል። ከዚያ በኋላ በሳምንት ለመለወጥ ግማሽ ጀሪካን፣ ለሚተነው ደግሞ ግማሽ ያህል፣ በጠቅላላው አንድ ጀሪካን ቢሆን ነው። ማጣሪያው የሚጥለው ውሃ በዚህ ላይ ይጨመራል፤ እርሱ ግን ለልብስ ማጠቢያ ይሆናል። የእኛ አንድ መኝታ ቤት በሚያንጠባጥብ ቧንቧ በየቀኑ ከዚህ የበለጠ ያፈሳል፤ ስለዚያ የጻፈ ሰው አላየሁም። በውሃ በኩል ክሱ ይወድቃል። በገንዘብ በኩል ግን ሙሉ በሙሉ አይወድቅም፤ መብራቱና ጨው ከውጭ ስለሚመጡ ውድ ናቸው። ስለዚህ ገንዳው የአንድ ሀብታም ልጅ ሳይሆን የብዙዎች ይሁን ነው የምለው።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት መግቢያ ላይ ትልቅ የዓሣ ገንዳ አይቼ ነበር። የተመረቀ ዕለት ፎቶግራፍ ተነሥቶበታል፤ ፎቶግራፉም እስካሁን ግድግዳው ላይ አለ። ዓሦቹ አልቀው ዛሬ ሰዎች ጃንጥላ ያቆሙበታል። እኛ መመረቅ እንወዳለን፤ መጠበቅ አንወድም። ኮራል ደግሞ ለዚህ ጠባያችን ምሕረት የለውም። ዛፍ ሳይጠጣ ሳምንት ይታገሣል፤ ኮራል የአንድ ቀን ቸልታን ይቀጣል፤ የቀጣበትንም ምክንያት ብዙ ጊዜ ከሳምንት በኋላ ነው የሚያሳውቀው።

ወደ ወደብ ተከራካሪዎቹ ልመለስ። ምጽዋ በእጃችን በነበረ ጊዜስ ባሕሩን ምን ያህል አወቅነው? ሄምፕሪህ የተባለው የጀርመን ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1825 ምጽዋ ላይ ሞቶ ቀረ፤ ጓደኛው ኤረንበርግ አገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1834 ስለ ቀይ ባሕር ኮራሎች ጻፈ፤ ብዙዎቹ እርሱ ባወጣላቸው ስም እስከ ዛሬ ይጠራሉ። ይህ ጥንት ነው እንበል። ከዚያ በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ1952 እና በ1953 ጣሊያኖች ወደ ዳህላክ ደሴቶች መጥተው ከባሕር በታች ፊልም አነሡ። እ.ኤ.አ. በ1962 እና በ1965 ደግሞ የእስራኤል ተመራማሪዎች እዚያው ዳህላክ ሰንብተው ዓሣውንና ሌላውን ፍጥረት መዘገቡ። ስለዚያ ባሕር ፍጥረት እኔ ያገኘሁትና ያነበብሁት ሁሉ የውጭ ሰው የጻፈው ነው። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ደሴቶቹ የኤርትራ ናቸው፤ እውቀቱ ግን የማንም ድንበር አልከለከለውም። ነገ በስምምነትም ሆነ በኪራይ ወደ ባሕሩ ብንጠጋ ምን ይዘን ነው የምንጠጋው? ሚዛንና ክሬን ብቻ?

ጊዜውም የሚያጣድፍ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ እስከ 2025 ባለው ጊዜ ውስጥ ከዓለም የኮራል አካባቢ 84 ከመቶ የሚሆነው ሊያነጣው የሚችል ሙቀት ደርሶበታል፤ ይህን ያህል የሰፋ ከዚያ በፊት ተመዝግቦ አያውቅም። ኮራል ያለበት ቦታ ከባሕር ወለል አንድ ከመቶ እንኳ አይሞላም፤ ከባሕር ፍጥረት ዓይነቶች ግን ሩብ ያህሉ የሚጠጋው በእርሱ ነው። በሰሜን ቀይ ባሕር ያሉት ኮራሎች ከሌላው ይልቅ ሙቀት ሲችሉ ስለ ታዩ ብዙ ተመራማሪ ዓይኑን ወደዚያ አዙሯል። ኮራል ቆርጦ ማባዛትና መልሶ መትከልም የገንዳ ጠባቂዎች የሚያውቁት እጅ ሥራ ነው፤ ዛሬ በየባሕሩ ለማዳን በሚደረገው ሙከራ ውስጥ ይኸው እጅ ሥራ ገብቷል። መቶ ሊትር ባሕርን አያድንም። እጅ ግን ያስተምራል።

አሁን እንግዲህ እኅታችን የጠየቀችው ጥያቄ፤ ማን ይጠብቀዋል? መልሱን ከሩቅ አልፈልግም። መንዝ ውስጥ ከመሐል ሜዳ አጠገብ ጓሳ የሚባለው ሜዳ አለ፤ ቤት የሚከደንበትና ገመድ የሚገመድበት የጓሳ ሣር፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮም ያሉበት ነው። ይህን ሜዳ ሕዝቡ ራሱ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የቄሮ ሥርዓት በሚባል ሕግ ሲጠብቀው ኖሯል። (ይህ ስም ዛሬ ሌላ ነገር ያስታውስ ይሆናል፤ የጓሳው ግን ራሱን የቻለና የቆየ ነው።) በሥርዓቱ መሠረት ሜዳው ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ የሚከፈትበት ቀን ተነግሮ ባለመብቱ ሁሉ ይገባል፤ ያለ ቀኑ የገባ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ሜዳውም ተጎዳ። በኋላ ግን ሕዝቡ እንደገና ተሰብስቦ በአዲስ መልክ አቆመው። ጓሳን እስከ ዛሬ ያቆየው የአንድ ሰው ፍቅር አይደለም፤ ተራውን የሚያውቅ ሰውና ተራውን የሚጠይቀው ጎረቤት ነው። የእኛም ገንዳ እንዲሁ ይሁን። ባለቤት አይኑረው፤ ተረኛ ይኑረው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። በመጀመሪያው ግማሽ ዓመት ውሃና ድንጋይ እንጂ ኮራል አይግባ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ተረኛ ሳይገኝ የቀረበት ቀን ከሦስት ከበለጠ ነገሩ ይቅርና ገንዳውን እንሽጠው። ከባሕር የተነቀለ ኮራል አንግዛ፤ ባለኖራ ኮራሎች ያለ ፈቃድ ወረቀት ድንበር እንዳያልፉ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተወሰነ ነው፤ ኢትዮጵያም ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ የዚህ ስምምነት አባል ናት። በገንዳ ውስጥ ተቆርጦ ያደገ፣ ወረቀት ያለው ቁራጭ ይበቃናል። አንድ ወፍራም ደብተር ከገንዳው አጠገብ በገመድ ይታሰር፤ ሙቀቱ፣ የጨው ልኩ፣ የተጨመረው ውሃ በየቀኑ ይጻፍበት፤ የጻፈውም ይፈርምበት። የኮራል ቁራጭ ለሌላ ትምህርት ቤት የምንሰጠው ሲበዛልን ብቻ ይሁን።

የሚያስቸግረው ክረምቱ ነው። መብራት የሚበዛ መጥፋቱ በዚያን ጊዜ ነው፤ እኛም በዚያን ጊዜ ነው የምንበተነው። የግሼ ልጅ ለእርሻ ይፈለጋል፤ የመርሐቤቴ ልጅ ጀማ ሳይሞላ መሻገር ይፈልጋል፤ የአዲስ አበባውም ልጅ እናቱ ይናፍቁታል። ከሰኔ ማለቂያ እስከ መስከረም መግቢያ ድረስ ያሉትን ሳምንታት በወረቀት ላይ አስምሬያለሁ። ለእያንዳንዱ ሳምንት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ቢታመም ሌላው እንዲገኝ። እኔ የሐምሌን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ይዣለሁ፤ «ማን ይጠብቀዋል?» ያለችው እኅታችን ሦስተኛውን ወስዳለች፤ በገብሱ የቀለደብኝም የመንዝ ልጅ ዝተቱን ከቤት ለማምጣትና አራተኛውን ለመቆየት ቃል ሰጥቷል። ነሐሴ ገና ክፍት ነው።